የአያ ፈንቴ ጥርስ

ያነበብኩት ቁጥር እውነት ነበር፤ ስህተቱም እሱ ነው። «በኅዳር ወር 1961 ዓመተ ምሕረት» ብዬ ወደሚቀጥለው መስመር ካለፍኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ወረቀቱን መለስ ብዬ አየሁት። እዚያው ነው፤ በገዛ እጄ፣ በንጹሕ ጽሕፈት፣ ሳነብ እንዳልሳሳት ብዬ አድምቄ የጻፍኩት ቁጥር።

ከጉድጓዱ ማዶ መቶ የሚሆን ሰው ቆሟል። ከመቶው ሰው መሃል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አገኘሁ ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ጓድ አገኘሁ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ሌላው ሲያንቀላፋ እሱ ተናጋሪው የጠራቸውን ቁጥሮች በደብተሩ ዳር እየደመረ ይቀመጣል።

የማነበው የአያ ፈንቴን የሕይወት ታሪክ ነበር። አያ ፈንቴ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑ፣ በኋላም የብስክሌት ጥርስ፣ ሰንሰለቱ የሚያዞረውን የኋላ ጎማ ክብ ብረት፣ በእጃቸው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በጥር 1979 በወባ ሞቱ። ባለቤታቸው እትየ ታንጉ አንቺው ጽፈሽ አንቺው አንብቢልኝ አሉኝ። ጎረቤታቸው ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ የሰው ስምና ዕድሜ ስጽፍ ነው የምውለው። እሺ አልኩ። እንዲህም ብዬ ጻፍኩ፦ አያ ፈንቴ የመጀመሪያውን ጥርስ የሠሩት ልጄ ቢሻው ክርስትና በተነሣበት በኅዳር ወር 1961 ዓመተ ምሕረት ነው።

በቀበሌው መዝገብ ላይ ግን ልጄ ቢሻው የተወለደው በ1964 ነው።

በመዝገቡ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በእውነቱ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። አሥራ ስምንት የሞላው ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ይጻፋል፤ የአዲሱ ዙር ዝርዝር የሚዘጋጀውም በዚያው ሳምንት ነበር። ባለፈው ዙር ከእኛ መንደር ሦስት ልጆች ሄደዋል። የአንዱ እናት ደብዳቤ ደርሷታል። የሁለቱ እናቶች የጭነት መኪና በቆመ ቁጥር እስካሁን ከቤታቸው ይወጣሉ።

እኔ ክፉውን ነገር ቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ። ቀበሌው ቤተሰብ ሲመዘግብ የውትድርናው ሕግ ገና አልወጣም ነበር። ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው። መዝጋቢው የልጁን ዕድሜ ሲጠይቀኝ ለምን እንደሆነ ለራሴም ሳይገባኝ ሦስት ዓመት ቀነስኩ። ከዚያ በኋላ ውሸቱን ከልጄ ጋር አብሬ አሳደግኩት። ወባ እየተመላለሰበት ሁለት ዓመት ከትምህርት ስለቀረ ከታናናሾቹ ጋር መማሩ ረዳኝ። ቁምጣ ብቻ አስለብሰው ነበር። እግሩ እንደ ግመል ረዝሞ፣ ጉልበቱ ላይ ጠጉር አብቅሎ በቁምጣ ይሄዳል። ሰው ይስቅብኛል ሲለኝ ይሳቅ እለዋለሁ።

እንዲህ የምጠነቀቅ ሴት ያንን ቁጥር እንዴት ጻፍኩት? የአያ ፈንቴን ነገር ስጽፍ የራሴን ረስቼ ነው።

የቆላ ብስክሌት ጠላቱ አቧራ ነው። መሬታችን ዋልካ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጎማ ይውጣል፣ በበጋ ዱቄት ሆኖ ይነሣና ከሰሊጥ ገለባ ጋር ተቀላቅሎ ከኋላው ጎማ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ከሱዳን የሚመጣው ጥርስ አንድ በጋ አይሞላም ነበር። ውስጡ ይበላና ፔዳሉን ቢረግጡት በባዶ ይዞራል። ሰውየው ይራገጣል፣ ብስክሌቱ አይሄድም።

ቢሻውን ባማጥኩበት ቀን ባሌ ከሸኽዲ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሊያመጣ በብስክሌት ወጣ። ኮኪት ሳይደርስ ጥርሱ ከዳው። ከመንገድ ዳር ጥሎት የቀረውን በእግሩ ሮጠ። ድሬሰሩ በጭነት መኪና ሲደርስ ልጁ ተወልዶ፣ የእኔ ደም መደቡን አልፎ መሬት ደርሶ ነበር። ተረፍኩ። ያንን ብስክሌት በፊተኛው ቀን የጠገኑት አያ ፈንቴ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ሱቃቸውን ዘጉ። ሰው ታመሙ አለ። እሳቸው ግን ጓሮ ሆነው የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጭነት የሚሸከመውን ንጣፍ ብረት፣ እየቆረጡ ነበር።

ከዚያ ብረት አንድ ክብ ቆርጠው በዙሪያው አሥራ ስምንት ጥርስ አንድ በአንድ በሞረድ አወጡ። በከሰል አቅልተው የሚነክሩትም በውሃ አልነበረም፤ በሰሊጥ ዘይት ነው። «ውሃ ያስቆጣዋል፤ ዘይት ያባብለዋል» ይሉ ነበር። ብረት በተነከረ ቁጥር የተጠበሰ ነገር ይሸትና ሰፈሩን ሁሉ ይርበዋል። አቧራ እንዳይገባበት ደግሞ ከግመል ቆዳ ቀለበት ቆርጠው፣ ስብ አጠጥተው በጎንና በጎኑ አለበሱት። ልጁን ክርስትና አስነሥተን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው ባሌን አስቆሙት፤ ብስክሌቱን ገልብጠው እዚያው ገጠሙለት። ባሌ ሞተ፤ ያ ጥርስ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት አሁንም ቢሻው በሚነዳት ብስክሌት ላይ ይዞራል።

ከዚያ ወዲያ ብስክሌተኛው ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ሰው ብስክሌቱን ሲሸጥ ጥርሱን ፈትቶ ያስቀራል፤ ገዢውም ጥርስ የላትም ተብሎ አውቆ ነው የሚገዛ። ገለጉ ደርሶ በዚያ ሁሉ ዋልካ የተመለሰ አንድ ነጂ ወደ ቤቱ ሳይገባ መጀመሪያ አያ ፈንቴ ሱቅ ሄዶ ጥርሱን አሳይቷቸዋል፤ ምንም አልሆነም፣ ዝም ብሎ እንዲያዩት ነው። ሽማግሌ የላከ አንድ ጎረምሳ ከንብረቱ መሃል «አንድ የፈንቴ ጥርስ» ብሎ ማስቆጠሩን እኔው ራሴ ሰምቻለሁ። እሳቸው ራሳቸው አፋቸው ውስጥ የቀራቸው ሁለት ነበር። ለአገር ሁሉ ጥርስ አውጥተው ለራሳቸው አጡ እየተባለ ሲቀለድባቸው ይስቁና ሁለቱን ያሳያሉ።

አያ ፈንቴ በዕድሜያቸው የተቆጡበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት ውስጥ፣ ኡስታ ዓሊ የሚባል ባለሙያ አለ። እሱም የባሌስትራ ጥርስ ይሠራል፤ በሰሊጥ ዘይት ይነክራል። ሥራውን በ1963 እንደጀመረ፣ ለእኛ ሰው ብሎ በእኛው አቆጣጠር፣ በሱቁ በር ላይ በቀለም ጽፎታል። ከዚያ በፊት ሁለት ወር አያ ፈንቴ አጠገብ ተቀምጦ ሲያይ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ሞረድ አስይዘው አሳይተውታል። በኋላ ግን የገላባት ነጂዎች ሙያውን የጀመረው የእኛ ዓሊ ነው፣ ፈንቴ ሰርቆት ነው ማለት ጀመሩ። ይህን ሰው በነገራቸው ዕለት አያ ፈንቴ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ ማታም እራት አልበሉም።

እንግዲህ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ንባቤን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከአጥሩ ውጭ አርባ የሚሆኑ ነጂዎች ክርስቲያኑም እስላሙም ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል። አስከሬኑን ተከትለው ሲመጡ አንድም ሰው አልጋለበም፤ እየገፉ ነው የመጡት፤ አርባው ጥርስ አብሮ ጠቅ ጠቅ ሲል ቄሱ እንኳ አንዴ ዞር ብለው አይተዋል። አፈር ከተመለሰ በኋላ ለክብራቸው ብለው እስከ ኮኪት ደርሰው ሊመለሱ ተነሡ። ቢሻው አብሯቸው ነበር። ልጠራው አፌን ስከፍት አቧራው ብቻ ቀረ። በዚያ መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ ወታደር አለ።

ጓድ አገኘሁ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

ጥሩ እንደጻፍኩ ነገረኝ። በሚመጣው ወር ጎንደር ላይ የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን አለ፤ ከውጭ ሳይጠብቅ ከአሮጌ ብረት አዲስ ነገር ያወጣ ሠራተኛ እየተፈለገ ነው፤ ጥርሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የአያ ፈንቴ ስም በትልቁ ይጻፋል፤ የእኔም ወረቀት አብሮ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በደስታ ነው የነገረኝ። ከዚያ ደብተሩን ገለጠ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ወይዘሮ ሙሉመቤት» አለ። «ስልሳ አንድ ያሉ መሰለኝ። መዝገባችን ልጁን ስልሳ አራት ይለዋል። ወይ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ ወይ መዝገቡ።»

«ወረቀቱ ነው» አልኩት። ቶሎ አልኩት፤ በጣም ቶሎ።

«እንግዲያው ይታረም። ባለቤታቸው ጣታቸውን ያሳርፉበት፤ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ምስክርም ይፈርምበት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮ ነኝ። የውትድርናውን ዝርዝር ነገ ጠዋት ነው የምልከው።»

ገመዱን የጣለልኝ ሊያወጣኝ ነው ወይስ ሊያንቀኝ? ፊቱን አየሁት፤ ምንም አላገኘሁበትም።

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን እንደገና መገልበጥ ጀመርኩ። እጄ ፈጥኖ እየሄደ ነበር። «በኅዳር ወር 1964» ብዬ ስጽፍ ዓሊ ትዝ አለኝ። በበሩ ላይ ያለው ቀለም ዓይኔ ላይ መጣ፤ ስልሳ ሦስት። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ቁጥሯን ከለወጥኩ ልጄ ይተርፋል፤ አያ ፈንቴ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በማኅተም የጸና ሌባ ናቸው።

ክርስትናውን ትቼ ሌላ ታሪክ ልጻፍ ብዬም አሰብኩ። ግን መቶ ሰው ሰምቷል። ጓድ አገኘሁም ሰምቷል። እርማት እንጂ አዲስ ታሪክ አልጠየቀኝም።

የጣት ቀለሙን ከጤና ጣቢያ አምጥቼ ለቅሶ ቤት ገባሁ። እትየ ታንጉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ከአያ ፈንቴ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ነው የኖሩት። አጠገባቸው ተቀምጬ በጆሯቸው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መዝገቡን፣ ቁጥሩን፣ ነገ ጠዋት የሚላከውን ዝርዝር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ስልሳ አራት ከተባለ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዓሊ በስልሳ ሦስት ከፍቷል።»

«አዎ፣ እትየ።»

«እንግዲህ ፈንቴ ከዓሊ ተማረ ማለት ነው።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አጣጠፍኩት።

«ባሌን ጠዋት ቀበርኩት» አሉ። «ከሰዓት ደግሞ አንቺ ከዓሊ በታች ሁለተኛ ልታደርጊው መጣሽ።»

አያ ፈንቴ ሞተዋል፣ የኔ ልጅ በሕይወት አለ ልላቸው ፈለግኩ። ብል ትክክል ነበርኩ፤ ግን አይባልም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች የማለቅስ መስሏቸው አብረው አለቀሱ።

ቆይተው ልጁ አሁን የት እንዳለ ጠየቁኝ። ከነጂዎቹ ጋር ወደ ኮኪት ሄዷል አልኳቸው። በኬላው በኩል? አሉኝ። በኬላው በኩል። ዓይናቸውን ወደ በሩ አደረጉ፤ የአያ ፈንቴ የሥራ ልብስ እንደተሰቀለ ከበሩ ጀርባ ነበር። ቀለሙን አምጪው አሉኝ።

እትየ ታንጉ ማንበብ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው የቱ ጋ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነው ያሰብኩት፦ ወረቀቱ ስልሳ አንድ ይበል ስልሳ አራት አያዩትም ነበር። የድንኳን ደረሰኝ ነው ብላቸውም ያሳርፉ ነበር። እሳቸውም ይህንኑ ያሰቡ መሰለኝ፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሳትነግሪኝ ልታደርጊው ትችይ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን አሳረፉ።

ምስክር ቀረኝ። ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ፣ በቀበሌውም የሚታመን ሰው አንድ ነበር፤ ሷሊህ። ሷሊህ ባለሱቅ ነው። በጎረምሳነቱ ከሸኽዲ ሳሙናና ክር በብስክሌት እያመላለሰ ነው ሱቅ የከፈተው፤ ሁለተኛው የአያ ፈንቴ ጥርስ የተገጠመውም ለእሱ ነው። አሁን ጉልበቱ አላስነዳው ስላለ ከነጂዎቹ ጋር አልሄደም፤ ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ወደ ጓሮ ጠርቼው ወረቀቱን ሰጠሁት። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«እኔ ይህን አልፈርምም።» ከንፈሩን በጣቱ ከፍ አድርጎ ክፍተቱን አሳየኝ። «ይቺን ገላባት ገበያ ላይ ነው የጣልኳት። አንድ የዓሊ ነጂ ፈንቴ ሌባ ነው አለኝ፤ መታሁት፣ መታኝ። ለጥርስ ብዬ ጥርሴን ሰጥቻለሁ፣ ሙሉ። አሁን ያ ሰውዬ ልክ ነበር ብለህ ፈርም ትይኛለሽ?»

ስለ ቢሻው ነገርኩት። ያውቃል፤ በተወለደ ሰሞን ለአራስ ጥሪ ማር ይዞ መጥቷል። አንገቱን ደፍቶ በእግሩ አፈር ይቆፍራል። ሌላ ሰው ፈልጊ አለኝ። ሌላ ሰው ዓመቱን አያውቅም ብዬ መለስኩለት። አውቆ የሚዋሽ እኮ ነው የምትፈልጊው አለ፤ የማያውቅ ቢሆን ይቀልሽ ነበር። እውነቱን ነው። ወረቀቱን አዙሬ ከታች ያለውን ሐምራዊ የጣት አሻራ አሳየሁት።

«እትየ ታንጉ ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«አውቀው ነው?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

ሷሊህ አሻራውን ብዙ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ተረከዝ አስተካከለ። «ወላሂ አታስብሉኝ እንጂ» አለ፣ «እስክሪብቶስ ምን አለበት። ተነሺ፣ ሰዓቱ ሄደ።»

ቢሮው ስንደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ጓድ አገኘሁ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አንድ አብዮት ጥበቃ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ይለምዳል፤ የመጨረሻው መስመር ባዶ እንደሆነ አየሁ። ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ስም የለውም።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። አሻራውን አየ፤ ፊርማውን አየ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሷሊህ ተናገረ።

«ገላባት ያለው ሰውዬ በስልሳ ሦስት ነው የጀመረው ይባላል።»

«ይባላል» አለ ሷሊህ።

«ስለዚህ ቀድሟቸዋል?»

ሷሊህ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ከውጭ የሰሊጥ ጭነት መኪና እያቃሰተ አለፈ። መኪናው እስኪያልፍ የጠበቀ መስሎ ቆመ። በሆዴ፣ አይለውም፣ አይለውም እላለሁ። ባይለው ደግሞ በእሱ አልፈርድም ነበር።

«ቀድሟቸዋል» አለ።

«ምለህ ትለዋለህ?»

«ፈርሜያለሁ፣ ጓድ። በእጄ የፈረምኩትን በአላህ ምን አስደገመኝ?»

አብዮት ጥበቃው ሳቀ። አገኘሁ አልሳቀም፤ ግን አልደገመውም። ቀይ እስክሪብቶውን አነሣና «የፈጠራ ሰው» የሚለውን ሰርዞ «የጥገና ሰው» ብሎ ጻፈበት። ቀድሞ የሠራው ካለ ፈጠራ አይባልም፣ ኤግዚቢሽኑም ለፈጠራ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ እዚሁ ፋይል ይሆናል አለ። ማኅተሙንም መታበት፤ ያዘነ መሰለኝ። ከዚያ ትልቁን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዶ በጣቱ እየተከተለ የእኔ ቤት ላይ ደረሰ። ቆመ።

«መዝገቡ ትክክል ነው» አለ። ቀና ብሎ አየኝ። «ልጁ ግን ረዥም ነው።»

«አባቱ ረዥም ነበር» አልኩ።

መዝገቡን ዘጋው። ባዶውን መስመር አላየውም፤ ወይም አይቶታል፣ እኔ አላውቅም።

ሷሊህ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ አብሮኝ መጣ። እዚያ ሲደርስ፣ ለነጂዎቹ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብሎ ተለየኝ።

ወደ እትየ ታንጉ ቤት ተመለስኩ። ወረቀቱ ተቀምጧል፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ልጄ ግን አልመጣም። ኮኪት ደርሶ መመለስ እስከዚህ አይፈጅም። ፀሐይዋ ከገላባት በኩል ቀላች። ነጂዎቹ በሁለት በሦስት እየሆኑ መመለስ ጀመሩ፤ የእያንዳንዱን መምጣት ከድምፁ እየለየሁ እወጣለሁ፤ እሱ አይደለም፤ እመለሳለሁ። አንዱን ስጠይቀው ቢሻው ከኬላው ወዲህ ነው፣ ሷሊህ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ሲያወሩ ትቻቸው መጣሁ አለኝ። ከኬላው ወዲህ የሚለውን ሰምቼ መተንፈስ ሲገባኝ፣ ሷሊህ ደጃፍ የሚለው ያዘኝ። ምን እያወሩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰዓት እላፊው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ለአዳር የቀረነው ሰባት ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች ነን። በሩ ክፍት ነው። ንፋሱ ፋኖሱን እያርገበገበው ሴቶቹ ይዘጋ አሉ፤ ጥበቃ ሲያልፍ መብራት ካየ ጣጣ ነው። በሰው ለቅሶ ቤት ስለ ራሴ ልጅ በር ክፈቱልኝ የምል ሴት አይደለሁም፤ በዚያ ቀን ደግሞ በምን አፌ።

«ይቆይ» አሉ እትየ ታንጉ። ደግሞ ማንም አልጠየቀም።

ቢሻው የመጣው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ ሰማሁት። በሩ ላይ ሲቆም ግን ለአንድ አፍታ አላወቅኩትም። ከአንዱ ነጂ ተውሶ ረዥም ሱሪ ለብሷል። አቧራው ቅንድቡን አንጥቶታል። አባቱን መሰለ፤ አሥራ ስምንት ዓመቱን በሙሉ መሰለ። እስከ ኬላው ድረስ እንዲህ ሆኖ ሄዶ እንዲህ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

አልተቀመጠም። እኔን አላየም።

«ስልሳ አራት ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አያ ፈንቴ ከዓሊ ሰረቁ ተብሎ ማኅተም ተመታበት። ሷሊህ ሲነግረን አለቀሰ። ትልቁ ሰውዬ አለቀሰ፣ እማ።» ድምፁ እንዳይሰበርበት ዝቅ አደረገው። «አገኘሁ ቢሮ አሁንም መብራት አለ፤ አይቼው ነው የመጣሁ። ሄጄ አሥራ ስምንት ነኝ እለዋለሁ።»

ይሄዳል። ቢሮው ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። ባዶው መስመር፣ ቁጥሩ ተሰጥቶት፣ ስሙን እየጠበቀ ነው። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር በወታደር እጅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ በራሱ በልጄ እግር ይመጣል ብዬ ግን አንድ ቀንም አላሰብኩም።

«ቢሻው» አሉ እትየ ታንጉ።

«አቤት።»

«የምትሟገትለት ስም የማን ነው?»

«የአያ ፈንቴ ነዋ።»

«ፈንቴ ሞቷል። ዛሬ ከቀበርነው ወዲህ የኔ ነው። የኔን ሰጠሁ።» ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገለጥ አደረጉ። «አሁን አንተ የሰጠሁትን ልትመልስብኝ ነው?»

ከቢሻው ኋላ መንገዱ ጨልሟል። ከቀበሌው ግቢ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲመታ ሰማን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሰዓት እላፊ። ልጄ ወደዚያ በኩል አንገቱን አዞረ። እጁ የበሩን መቃን ይዟል። አንድ እግሩ ውጭ ነበር፤ እኔ የማየው እሱን እግር ብቻ ነው።

«ትገባ እንደሆነ ግባ» አሉት። «መብራቱ ሊጠፋብን ነው።»

ገባ። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። እኔን አላየኝም። አይየኝ። ጀርባውን እያየሁ ትንፋሹን ቆጠርኩ።

እትየ ታንጉ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሴቶቹ እኛ እንዘጋለን፣ እርስዎ ይቀመጡ አሏቸው፤ አልሰሙም። በሩን ገፍተው ከመቃኑ ጋር አገናኙት፤ የብረት መቀርቀሪያውን ወደ ቀዳዳው አስገቡት፤ አንዴ ሳብ አድርገው ሞከሩት፤ ያዘ።